የዘፈን ዋጋ፦ ከሸክላ እስከ ስልክ

ዘፈን ከመሸጡ በፊት ይሸለም ነበር። አዝማሪው በሰርግ ቤት ወይም በጠጅ ቤት መሰንቆውን ይዞ ይቆማል። የተጋባዡን ስም ጠርቶ፣ ዘሩን ቆጥሮ ያወድሰዋል። የተወደሰው ሰውዬ ደሙ ሲሞቅ ይነሳና ብሩን በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ክፍያው በዚያው ቅጽበት ያልቃል። በዘፋኙና በከፋዩ መካከል ነጋዴ የለም፣ ውል የለም፣ ዕቃም የለም። ያን ምሽት በቦታው ያልነበረ ሰው ዘፈኑን አይሰማም፤ ስለዚህ አይከፍልም።

ይህን ያረጀ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የነካው ለመኪና ትምህርት የተላከ ሰው ነው። በ1900 ዓ.ም ገደማ አጼ ምኒልክ የአውቶሞቢል ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን የላኳቸው ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ በርሊን ሳሉ ድምፃቸውን አስቀረጹ። 17 ሸክላዎች ወጡ። በግጥም ችሎታቸው የታወቁት ተሰማ በዚያ ሥራ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። አሁን አንድ ሰው ተሰማን ሳያያቸው ድምፃቸውን በገንዘቡ መግዛት ቻለ። የሚሸጠው ግን ከባሕር ማዶ ተመርቶ የሚመጣ፣ ከእጅ ካመለጠ እንደ ሸክላ ምጣድ የሚሰባበር ዕቃ ነበር። ማጫወቻው የመኳንንትና የሀብታም ቤት ጌጥ በመሆኑ ገበያው ጠባብ ሆኖ ቆየ። ሰፊው ሕዝብ አሁንም ብሩን ግንባር ላይ ይለጥፍ ነበር።

በ1927 ዓ.ም የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ገነኑ፤ በ1948 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ድምፃዊው የደንብ ልብስ ለባሽ ሆነ፤ በወር ደመወዙን ይፈርማል፣ በታዘዘበት መድረክ ይዘፍናል። መንግሥት ሙዚቃን እንደ ክብር ዘብ እንጂ እንደ ሸቀጥ አላየውም። ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፃዊ እንኳ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ስለነበር፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ ከታሰሩት መካከል ተገኝቷል።

ሸክላን የሚመለከተው ጉዳይ በወረቀት ላይ ቀድሞ ተዘግቶ ነበር። በሐምሌ 1940 ዓ.ም የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ ከውጭ የማስገባትና የማሳተም መብቱን ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ማኅበሩ ጥቂት የባህል ዘፈኖችን በሸክላ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ተኛ። መብቱ እጁ ላይ ነበር፤ የሚቸኩልበት ምክንያት ግን አልነበረውም። ደመወዝተኞቹ ሙዚቀኞችም፣ ቴአትሩም፣ ማኅበሩም ሸክላ ተሸጠ አልተሸጠ የወር ገቢያቸው አይነካም። ገበያውን በየቀኑ ዓይኑ እያየ የሚያድር ሰው ከእነዚህ ውጭ መምጣት ነበረበት።

የባንኮኒው ልጅ

ያ ሰው አምሃ እሸቴ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አምሃ አዲስ አበባ ላይ ሐራምቤ የሚባል ሙዚቃ ቤት ነበረው። ከአሜሪካ፣ ከሕንድና ከሱዳን የሚመጡ ሸክላዎችን ይሸጣል። ዕድሜው በሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ደንበኞቹም እኩዮቹ ናቸው። ማታ ማታ የከተማው ወጣት በየክበቡና በየሆቴሉ የአገሩን ባንዶች እየሰማ ይጨፍራል፤ ጠዋት ወደ አምሃ ሱቅ ሲመጣ ግን የሚገዛው የጄምስ ብራውንን ወይም የኤልቪስ ፕሪስሊን ነው። ማታ የሰማውን የአማርኛ ዘፈን ጠዋት ሊገዛው አይችልም፤ የለምና።

አምሃ ያየው ይኼንኑ ክፍተት ነው። ማተሚያ ፋብሪካ አላስፈለገውም፤ ሕንድ አገር ሌላ ሰው ያቆመው አለ። ኦርኬስትራ መቅጠር አላስፈለገውም፤ መንግሥት አሠልጥኖ፣ መሣሪያ ገዝቶ፣ ደመወዝ ከፍሎ ያኖራቸው ሙዚቀኞች ከሥራ ሰዓት ውጭ ትርፍ ገቢ ይፈልጋሉ። መሸጫውም የራሱ ሱቅ ነው። እሱ ያዋጣው እነዚህን ሦስቱን ማገናኘቱንና ገንዘቡን አስቀድሞ አደጋ ላይ መጣሉን ነው። ዛሬ በንግድ ትምህርት ቤቶች ረጅም ስም የሚሰጠው አሠራር ያን ጊዜ ከባንኮኒ ጀርባ የቆመ ወጣት ሒሳብ ነበር።

ችግሩ ድንጋጌው ነው። የሚያውቃቸው ሁሉ "ተው፣ ትታሰራለህ" የሚሉት ጉዳይ ነበር። አምሃ ግን ገፋበት፤ በመጀመሪያም እሺ ካሉት መካከል ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴና ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ ነበሩ። አምሃና ዓለማየሁ የአባታቸው ስም ቢገጥምም ዝምድና የላቸውም። ዓለማየሁ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ያለፈ፣ በአቋሙም በጸጉር አበጣጠሩም "የኢትዮጵያ ኤልቪስ" የተባለ ልጅ ነው። የተቀዳው ቴፕ ወደ ሕንድ ተላከ፤ በ1961 ዓ.ም በአንድ ፊቱ አንድ፣ በሌላው ፊቱ አንድ ዘፈን የያዘች ትንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላ ሆኖ ተመለሰ። አምሃ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዞረው። አላፊ አግዳሚው መንገዱ ላይ ቆሞ እንደጨፈረ ይተረካል።

የተፈራው እስር አልመጣም። አገር ፍቅር ማኅበር ተቆጣ፣ ጥያቄም ተነሳ፤ ነገር ግን ማኅበሩ ራሱ የማይሠራበትን መብት ወጣቱ ሕዝብ እየጨፈረበት ሳለ መንጠቅ ቀላል አልሆነም። ሕግ ሳይሻር ሥራው ቀደመው። አምሃ ሪከርድስ ከ1961 እስከ 1967 ዓ.ም ባሉት ጥቂት ዓመታት 103 ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና አንድ ደርዘን ያህል ረጃጅም አልበሞችን አወጣ። የኅትመቱ ሥራ ከሕንድ በኋላ ወደ ቤይሩትም ተሻግሯል። ሙላቱ አስታጥቄ ያዋቀረው "የካቲት ኢትዮ ጃዝ" የወጣው በ1966 ዓ.ም በአምሃ ሪከርድስ ስም ነው።

ባለ 45 ዙሯ ሸክላ የራሷ ጠባይ ነበራት። ሁለት ዘፈን ብቻ ስለምትይዝ ነጋዴው በአንድ ድምፃዊ ላይ የሚያወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። ካልተሸጠች ኪሳራው አያሳብድም፤ ከተሸጠች ቶሎ ያሳትማል። አዲስ ድምፅ መሞከር ርካሽ ሆነ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ያን ያህል የተለያየ ዘፈን የወጣው የሙዚቀኞቹ ችሎታ ብቻ ስለረዳው አይደለም፤ ዕቃው ራሱ ነጋዴውን ደፋር አድርጎታል።

በር ከተከፈተ ሌላውም ይገባል። ትልቁ የሆላንድ ኩባንያ ፊሊፕስ በኢትዮጵያ የራሱን ሸክላ ማውጣት ጀመረ። በ1965 ዓ.ም አካባቢ ደግሞ አሊ አብደላ ካይፋ ብቅ አለ፤ ሕዝቡ የሚያውቀው አሊ ታንጎ በሚለው ስም ነው። እሱም እንደ አምሃ ሱቅ ያለው ሰው ነበር። ካይፋ ሪከርድስ ብሎ በሰየመው ስም የማሕሙድ አሕመድን "እሬ መላ መላ" አወጣ። ከ1961 እስከ 1970 ዓ.ም በአገሪቱ የወጣው ሸክላ ሁሉ ቢደመር ባለ 45 ዙሩ ወደ 500፣ ረጃጅሙ አልበም ወደ 30 ይደርሳል። ዛሬ ዓለም "ወርቃማው ዘመን" እያለ የሚጠራው ሀብት በሙሉ በአንድ ሰፊ መደርደሪያ ላይ የሚያልቅ ነው።

ሰዓት እላፊ

የካቲት 1966 ዓ.ም አብዮቱ ፈነዳ። መስከረም 1967 ዓ.ም ንጉሡ ወረዱ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊቱ ተዘጋ። የሙዚቃ ንግዱ ሞተር የነበረው ማታ በክበብ የተሰማው ዘፈን ጠዋት በሱቅ መፈለጉ ነበርና፣ ሌሊቱ ሲዘጋ ጠዋቱም ቀዘቀዘ። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ማለፍ ነበረበት፤ በየቀበሌውና በየጦር ክፍሉ የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ሙዚቀኛው እንደገና የመንግሥት ሰው ሆነ። ሸክላ ከውጭ አሳትሞ ለማስገባት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ እሱም እየጠፋ ሄደ። አምሃ በ1967 ዓ.ም አገሩን ለቆ አሜሪካ ገባ። እስከ 1970 ዓ.ም ድረስ ሸክላ እየሳሳ መጥቶ ቆመ።

ሸክላ ሲቆም ገበያው ላይ ቀድሞ የገባ ሌላ ዕቃ ነበር፤ ካሴት። ካሴት ለማተም ሕንድ መላክ አያስፈልግም። ባዶ ካሴትና ሁለት ቴፕ ያለው ሰው መርካቶ ውስጥ በጀርባ ክፍሉ ፋብሪካ ከፈተ ማለት ነው። ማጫወቻውም በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ያልደረሰበት ገጠር ይገባል፤ ከጭነት መኪና፣ ከአውቶቡስና ከጠጅ ቤት ጋር ይጓዛል። ነገሩ ቀድሞ ለማን እንደገባው ቢጠየቅ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ አሊ ታንጎ ነው። ሸክላ የሚያሳትምበትን ገንዘብ ወደ ካሴት አዞረው፤ የአስቴር አወቀን የመጀመሪያ ካሴቶች ያወጣውም እሱ ነው።

ካሴት የንግዱን ሒሳብ ከሥሩ ገለበጠው። ሸክላ በሁለት ዘፈን ይሸጣል፤ ካሴት ግን ሁለት ፊቱ እንዲሞላ አሥር ያህል ዘፈን ይጠይቃል። አሥር ግጥም፣ አሥር ዜማ፣ አሥር ቅንብር አስቀድሞ የሚከፍል ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ሙዚቃ ቤቱ ሆነ። ባለሱቁ የባንዱን፣ የስቱዲዮውን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን ይከፍላል፤ ለድምፃዊው ተነጋግረው የተስማሙበትን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ማስተሩን ይረከባል። ከዚያ በኋላ አንድ ሺህ ተሸጠ መቶ ሺህ፣ ጉዳዩ የባለሱቁ ነው። ካሴቱ ከወደቀም ኪሳራው የሱ ነው፤ ከገነነ ግን ድምፃዊው የራሱን ድምፅ በየታክሲው እየሰማ በእግሩ የሚሄድበት ጊዜ ይመጣል።

ይህን ሥርዓት ግፍ ብቻ አድርጎ ማየት ትክክል አይሆንም። ባንክ ለዘፈን አያበድርም፤ ሬዲዮ ለዘፈን አይከፍልም። የሚቆጠር ነገር ስለሌለ በሽያጭ ልክ መካፈል የማይታሰብ ነበር። በአንድ ጊዜ መክፈል ለሁለቱም ወገን የሚታመን ብቸኛ ውል ሆነ። እንደ አምባሰልና ኤሌክትራ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች የዘመኑ አሳታሚ፣ ባንክና አከፋፋይ በአንድ ላይ ነበሩ። አልበሙ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ይደርሳል፤ ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ድምፅ ማጉያው ከሱቁ በር ላይ ይጮኻል። የክፍለ ሀገር ነጋዴ ካሴቱን በካርቶን ጭኖ ይመለሳል።

ዘፈኑ ራሱም ከሒሳቡ ጋር ተለወጠ። ብዙ ነፊ ያለው ትልቅ ኦርኬስትራ ለአሥር ዘፈን መቅጠር ውድ ነው። የሮሃ ባንድ ሙዚቀኞች በ1970ዎቹ ከብዙ ድምፃውያን ጀርባ ተሰልፈው ካሴት በካሴት ላይ ቀዱ። ቀጥሎ ኪቦርድ መጣ፤ አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ የመለከቱንም የከበሮውንም ቦታ ያዘ። ያን ጊዜ የሙዚቃው ጥራት ወረደ ብለው የሚቆጩ ሰዎች ምክንያቱን በጣዕም ውስጥ ይፈልጉታል። ሒሳቡን መመልከትም ይጠቅማል፤ ሌሊቱ ተዘግቶ የክበብ ገቢ ሲጠፋ ለአሥር ነፊ የሚከፍል ሰው አልነበረም።

ካሴት ግን በሆዱ ሌላ ነገር ይዞ መጥቷል። ሸክላን ገዢው ቤቱ ሊያባዛው አይችልም፤ ካሴትን ይችላል። ጎረቤት ከጎረቤት ተውሶ ይቀዳል። ቀጥሎ ለዚሁ ሥራ ሱቅ ተከፈተ፤ ደንበኛው የወደዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ ባለሱቁ ከዚህም ከዚያም ቀድቶ አንድ ቅልቅል ካሴት ያስረክባል። አምሃ ድንጋጌውን ሳይጠይቅ ለሕዝቡ የሚፈልገውን እንደሰጠ ሁሉ፣ ቀጂውም ሙዚቃ ቤቱን ሳይጠይቅ የሚፈለገውን ሰጠ። አምሃ ግን ድምፃዊውን ከፍሎት ነበር፤ ልዩነቱ ይኼ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰት ባለቤትነትን ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ደንግጎ ነበር፤ ድምፁን ለሰጠው አቀንቃኝና ገንዘቡን ላወጣው አሳታሚ ግን የሚጠቅስላቸው አንቀጽ አልነበረውም።

የተረሳው መደርደሪያ

አዲስ አበባ ካሴት ስትቀዳ ሸክላዎቹ በሌላ አገር ሁለተኛ ሕይወት ጀመሩ። በ1974 ዓ.ም ገደማ የዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ለሥራ ጉዞ ሄደ፤ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። በዋሽንግተን ዙሪያ የተሰበሰበው ስደተኛ ምግብ ቤትና የምሽት ክበብ ያስፈልገው ነበርና፣ አምሃ እሸቴ ራሱ እዚያ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤትና ክበብ ከፍቶ ሙዚቀኞቹን ያሠራ ነበር። አገሩ ላይ የተዘጋውን ሌሊት በሰው አገር ከፈተው።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1976 ዓ.ም ገደማ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ እጁ ገባ። ሰምቶ አላበቃም፤ አዲስ አበባ መጣ። በ1978 ዓ.ም "እሬ መላ መላ" ክራምድ ዲስክስ በተባለው የቤልጂግ አሳታሚ በኩል አውሮፓ ላይ ወጣ። ከዚያም ፋልሴቶ የሸክላዎቹን መብት የያዙትን ሰዎች፣ አምሃንም ጭምር፣ ፈልጎ ተዋዋለ። በ1990 ዓ.ም ገደማ ፓሪስ በሚገኘው ቡዳ ሙዚክ "ኢትዮፒክስ" የተባለው ተከታታይ ሲዲ ተጀመረ፤ ቀስ በቀስ ወደ ሠላሳ ክፍል ደረሰ። በ1997 ዓ.ም ጂም ጃርሙሽ የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሠሪ "ብሮክን ፍላወርስ" በተባለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ አስገባ። ስለ አዲስ አበባ ሰምቶ የማያውቅ ሰው በሲኒማ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰማው።

የንግዱን ነገር ልብ ብሎ ላየ ሰው ፋልሴቶ አዲስ ዘፈን አላሠራም። የሸጠው ትንሽ ዳቦ ሊገዛ የማይችል ይመስል የነበረ አሮጌ ዕቃ ነው፤ ከፎቶግራፍና ከታሪክ ጽሑፍ ጋር አድርጎ፣ ለሌላ ገዢ፣ በሌላ ዋጋ። እዚያው መደርደሪያ ላይ የቆየው ሸክላ "ያለፈበት" ከመባል ወጥቶ "የማይገኝ" ሆነ።

ሲዲ፣ ፍላሽ፣ አዋጅ

አገር ቤት ደግሞ ሲዲ ገባ፤ ቀጥሎ ኮምፒዩተር ገባ። በካሴት ዘመን ቅጂ ከዋናው ይደክም ነበር፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ደግሞ ይባስ ይደክማል። ያ ድካም ለሙዚቃ ቤቱ ያልታወቀ ጠባቂ ነበር፤ ንጹሕ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ዋናውን ይገዛል። በሲዲ ዘመን ቅጂውና ዋናው አንድ ሆኑ። ሲዲ አዟሪው በየካፌው እየዞረ ዛሬ የወጣውን አልበም ዛሬውኑ ይሸጣል። ቀጥሎ ፍላሽና ሚሞሪ መጡ፤ "ዘፈን እንጭናለን" የሚል ወረቀት የለጠፈ ሱቅ በጥቂት ብር መቶ ዘፈን ይጭናል።

ሙዚቀኞችና አሳታሚዎች ለዓመታት ከጮኹ በኋላ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። "ተዛማጅ" የምትለው ቃል ትልቅ ናት፤ በ1952ቱ ሕግ ውስጥ ቦታ ያልነበራቸው ከዋኙና የድምፅ ቅጂ አሳታሚው በስማቸው ተጠሩ። በሌላ አዋጅ፣ ቁጥር 872/2007፣ ሕጉ ተሻሽሎ ባለመብቶቹ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል ሮያሊቲ የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፈተ። ሕጉ ግን በቅጂ ላይ የተመሠረተ ነበርና፣ የመጨረሻው ቅጽ ሲታተም ገበያው ከቅጂ እየወጣ ነበር።

የሙዚቃ ቤቶች በር አንድ በአንድ ተዘጋ፤ ባለሱቆቹ ወደ ሌላ ንግድ ዞሩ። ድምፃዊው አልበሙን የሚሸጥለት ሲያጣ ሌላ መንገድ ፈለገ። አልበሙ ራሱ ገቢ መሆኑ ቀርቶ ለኮንሰርት የሚጣራ ደወል ሆነ፤ ገንዘቡ ከመድረክ፣ ከስፖንሰርና ከውጭ አገር ጉዞ ይመጣል። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይና ስቶክሆልም የአዲስ አበባ ሙዚቃ ገበያ ወረዳዎች ሆኑ። ለበዓል ዋዜማ ኮንሰርት ተጋብዞ የሚሄድ ድምፃዊ የሚከፈለው፣ ልክ እንደ አዝማሪው፣ በቦታው ስለተገኘ ነው።

በ2009 ዓ.ም የቴዲ አፍሮ "ኢትዮጵያ" አልበም ወጥቶ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ተቀመጠ። ያ ሰንጠረዥ የሚቆጥረው አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠውን ነው። አዲስ አበባ ላይ ስንት ሲዲና ስንት ሚሞሪ እንደተገለበጠ የሚቆጥር መዝገብ አልነበረም። የተቆጠረው ከባሕር ማዶ የተከፈለው ብቻ ነው።

ኃይሉ መርጊያ የተባለው የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች በዚህ መሐል ልዩ ዕጣ ገጠመው። አሜሪካ ቀርቶ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። በ1977 ዓ.ም አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ የቀዳት ካሴት ነበረችው። ከዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ካሴቷን ገዛ፤ ደራሲውን ፈልጎ ስልክ ደወለለት። በ2005 ዓ.ም "ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ" በሚለው አሳታሚው በኩል ድጋሚ ወጣች፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። የዚህ አሳታሚ ውል አጭር ናት፤ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ለእኩል መካፈል። በካሴት ዘመን የማይታሰበው ነገር ይኼ ነበር። አሁን የሚቻለው ሽያጩ ስለሚቆጠር ነው።

አውታር

ስልክ ከሁሉም በኋላ መጣ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋጠ። ዩቲዩብ የሙዚቃ ቤቱን ቦታ ያዘ። የቻናሉ ባለቤት ቪዲዮውን ያሠራል ወይም ይገዛል፣ ይጭናል፣ ከማስታወቂያው ገቢ ያገኛል። አድማጩ አይከፍልም፤ የሚከፍለው አስተዋዋቂው ነው። የማስታወቂያ ዋጋ በተመልካቹ አገር ስለሚለያይ፣ ቨርጂኒያ ተቀምጦ የሚያይ አንድ ሰው ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው ከሚያዩ ብዙዎች የበለጠ ገቢ ያመጣል። በቻናሉና በድምፃዊው መካከል ያለው ውል ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው ነው፤ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ። ካሴቱ ሄደ፣ የካሴቱ ውል ቀረ።

ይህን ውል ለመለወጥ የተነሱት ራሳቸው ሙዚቀኞች ናቸው። ኤልያስ መልካ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የብዙ ስመ ጥር አልበሞች አቀናባሪ ነበር። እሱ፣ ኃይሌ ሩትስ፣ ጆኒ ራጋና ዳዊት ንጉሡ ሆነው "አውታር" የተባለ የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ አቋቋሙ፤ በ2011 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። አድማጩ ዘፈኑን በስልኩ ያወርዳል፣ ዋጋው ከሞባይል ሒሳቡ ይቀነሳል፤ ገቢው ለድምፃዊው፣ ለግጥምና ዜማ ደራሲው፣ ለአቀናባሪው እንደ ድርሻቸው ይከፋፈላል። ክሬዲት ካርድ የሌለው ሕዝብ የሚያውቀውን መክፈያ፣ የስልክ ካርዱን፣ መጠቀማቸው የባንኮኒ ዕውቀት ነው። ኤልያስ ፍሬውን ብዙ ሳያይ በመስከረም 2012 ዓ.ም አረፈ። ከዚያ ወዲህ "ሰዋስው" የተባለው መድረክም በዚሁ መስመር ገብቷል።

ጅምሩ ቀላል አልሆነለትም። ለሃያ ዓመት ዘፈን በነጻ ያገኘ ሰው አምስት ብር እንኳ ክፈል ሲባል ይገረማል፤ አዲስ ዘፈን ደግሞ በወጣ በሰዓቱ ቴሌግራም ላይ ይገኛል። ቢሆንም ቀድሞ ያልነበረ አንድ ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ሽያጭ ምልክት ይተዋል። ከዚህ በፊት ድምፃዊው ስንት እንደተሸጠለት የሚያውቀው ባለሱቁ የነገረውን ያህል ነበር።

የ2013 ዓ.ም የሚያዝያ ወር ሊያልቅ ሲል አምሃ እሸቴ አረፈ። በደርግ መውደቅ ማግሥት ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ግንቦት 3 ቀን፣ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ አስጀመረ፤ ባንክ ደብተር የሌለው ሰው በስልኩ መክፈል ቻለ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም ደግሞ ዓለማየሁ እሸቴ ተከተለው። የመጀመሪያዋን ሸክላ ያሳተመውና የዘፈነባት በአንድ ዓመት ውስጥ ሄዱ፤ ቴሌብር ሥራ የጀመረበትም ዓመት ይኸው ነው።

ዛሬ የዓለማየሁን ስም ስልክ ላይ ቢጽፉ በ1961 ዓ.ም ሕንድ ደርሶ የተመለሰው ድምፅ ወዲያው ይወጣል። ከጎኑ የተመልካች ቁጥር አለ፤ በየደቂቃው ይጨምራል። ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ ግን ስክሪኑ ላይ አይታይም። በጠጅ ቤቱ ግን ብሩ የተለጠፈበትን ግንባር ሁሉም ያየው ነበር።